ለጭቃ በሬ የተተከለ ድንኳን

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የወደቅሁት ብቻዬን አይደለም። ትምህርት ቤታችን እንዳለ ነው የወደቀው ማለት ይቻላል። የተረፉት ዘበኛው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ስላልተፈተኑ ነው። በዚያ ሰሞን ፍኖተ ሰላም ላይ "ልጅሽ እንዴት ሆነች?" ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት ጠፍቶ ነበር። ሁሉም የየራሱን ወዳቂ ታቅፎ ተቀምጧል።

እኔ ግን ስልኬ ላይ አንድ ነገር አግኝቼ ነበር። ለወጣቶች በኢንተርኔት የሚሰጥ ነጻ የአኒሜሽንና የፊልም ትምህርት። ከልጅነቴ ጀምሮ የደብተሬ ጠርዝ ላይ በሬና ዶሮ ስስል ነው የኖርሁት፤ የፈተናው ውጤት ምክንያቱ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ያ የሳልሽው በሬ ተነሥቶ ሊሄድ ይችላል ሲሉኝ እንቅልፍ አጣሁ። ለአባቴ ነገርኋቸው። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ ቤታችን ከከተማው ጫፍ ላይ ነው፣ እርሻችን ከዚያ ወዲያ። ሰምተው ሰምተው ሲያበቁ፣

"ይኸን ክረምት ሰጥቼሻለሁ" አሉ። "መስከረም ሲጠባ ዓይኔ የሚያየው ነገር ከሌለ ቡሬ ትሄጃለሽ፣ አክስትሽ ሱቅ።"

አክስቴ የእናቴ እኅት ናት። ቡሬ ላይ ሳሙና፣ ዘይትና ምስማር የምትሸጥበት ሱቅ አላት። ደግ ሰው ናት፤ ነገር ግን ሱቋ ውስጥ መስኮት የለም፣ መቀመጫ የለም፣ እሷ ማውራት ስትጀምር ደግሞ አየርም የለም። እዚያ ገብታ ስዕል የምትስል ሴት አልታየችኝም። ስለዚህ ክረምቱ ሳያልቅ አንድ በሬ ማስኬድ ነበረብኝ፣ አለዚያ አለቀልኝ።

የመጀመሪያው ቀን ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ስልኬን ከተሰበረ ወንበር ጋር በገመድ አስሬ አቆምሁት። መምህሩ ብቅ አለ፤ አዲስ አበባ ያለ፣ ጠጉሩን አናቱ ላይ የቋጠረ ወጣት ነው። አባቴ ገና ሲያዩት ጋቢያቸውን ሰብስበው ብድግ አሉና "ኖር!" አሉ። እናቴም ተነሣች። እኔስ ምን ላድርግ፣ ተነሣሁ። ካሜራው እንግዲህ የሦስታችንን ሆድ ነው የሚያየው።

"እ... ፍኖተ ሰላም፣ ካሜራህን አስተካክል" አለ መምህሩ።

ለ"ኖር" መልሱ "በእግዜር" ነው። መልሱ ሳይመጣ መቀመጥ ደግሞ ነውር ነው። ያ ልጅ ይኸን የት ያውቃል! እሱ ስለ ዓለም አቀፉ ገበያ ይተነትናል፣ አባቴ ቆመዋል። ስለ ፈጠራ ኢንዱስትሪ ይተነትናል፣ አባቴ ቆመዋል። "ይኸ ልጅ ተቀመጡ አይልም እንዴ?" ይሉኛል በሹክሹክታ። ቢቸግረኝ "መምህር፣ እባክህ 'በእግዜር' በልልን፤ አባቴን ወገባቸውን ያማቸዋል" ብዬ ጻፍሁለት። ግራ እየገባው "በእግዜር!" አለ። አባቴ እፎይ ብለው ቁጭ አሉ። ወዲያው አንድ የዘገየ ተማሪ ፊቱ ብቅ ሲል እንደገና ብድግ!

መምህሩ ክፉ ልጅ አልነበረም። ብቻ ሁለት ቃል በአማርኛ ከተናገረ ሦስተኛውን ከውጭ ያስመጣል። ኔትወርኩም ቢሆን ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይሄዳል፤ መምህሩ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ሲቀር እናቴ "ኧረ ይኸን የሰው ልጅ ምን ነካብኝ!" እያለች ታማትባለች።

አንድ ቀን የፊልማችንን ባለታሪክ እንድንናገር ጠየቀን። የሌሎቹ ክንፍ ያላቸው ልጆች ናቸው፣ ዓይናቸው እንደ ሰሃን የሰፋ ቆነጃጅት ናቸው፣ አንዱ ደግሞ ከጠፈር የመጣ ጀግና ነው። የእኔ ተራ ሲደርስ "በሬ" አልሁ።

መምህሩ "እሺ፣ በሬው ምን ይፈልጋል?" አለኝ።

"ሣር!" አሉ አባቴ ከኋላዬ።

"ምን ይከለክለዋል?"

"ያንተ ዓይነቱ ጥያቄ ሲበዛበት!"

መምህሩ ሳቀ፤ አመሉ ጥሩ ነው አላልሁም? "ለዓለም አቀፍ ተመልካች ግን ፓንዳ አይሻልም?" አለ። ፓንዳ! ፓንዳ አርሶ አብልቶኝ ያውቃል?

በሬው የእኛ ቀዩ ነው። ግንቦት ላይ ሆዱ ተነፍቶ በአንድ ቀን ሞተብን። አባቴ አንድ ቃል አልተናገሩም። ጎረቤት "እግዜር ይተካልዎ" ሊል ሲመጣ "አሜን" ይሉና ወደ ጓሮ ይዞራሉ። የቀረውን በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው ተራ በተራ ማረስ ጀመሩ። ማታ ቀንበሩን ሲያወርዱ የቀዩን ወገን ሲዳብሱት አይቻለሁ፤ አንጀቴን በላኝ። ለአባቴ ቀዩን ላስነሣላቸው ፈለግሁ፣ ሌላ ምን አለኝ።

መምህሩ ለሥራው ጭቃ ግዙ አለን፤ ባለ ቀለም፣ በሳጥን የታሸገ። በሐምሌ ጎጃም ውስጥ ላለ ሰው ጭቃ ግዛ! እናቴ ምድጃ ልትለስንበት ያቦካችውን ወስጄ በሬ፣ ገበሬና ቀንበር ሠራሁ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ግን ያሳብዳል። በሬውን ፎቶ ታነሣለህ፣ እግሩን በጥቂቱ ፈቀቅ ታደርጋለህ፣ እንደገና ታነሣለህ። ፎቶዎቹ ሲከታተሉ በሬው ይሄዳል። እናቴ ከሥራ ስትመለስ "ዛሬስ የት ደረሰ?" ትለኛለች።

"ሁለት እርምጃ።"

"ውይ ልጄ! ይኸስ ታርዶ ቢበላ ይሻለዋል።"

ያልመጣ ጎረቤት አልነበረም። አንዷ ከጠረጴዛው ላይ ብድግ አድርጋ "እንዴት ያምራል!" ስትል እናቴ "እንትፍ በይበት፣ በዓይን ታስበይዋለሽ!" ብላ ቀማቻት። ሴትዮዋ እንትፍ ብላ መለሰችው፤ የመለሰችው ግን ፊቱን ወደ ካሜራው አዙራ ነው። እኔ ጉዱን ያየሁት ፎቶውን ሁሉ ከጨረስሁ በኋላ። በሬው ወደ እርሻ ሲሄድ ሲሄድ ድንገት ዞሮ ተመልካቹ ላይ ያፈጥጣል። መምህሩ ይኸን አይቶ "በጣም ደፋር የሆነ የአርቲስት ውሳኔ!" ብሎ በክፍሉ ፊት አደነቀኝ። እኔም አመሰግናለሁ አልሁ፤ ምን ልበል?

ነሐሴ ሲያልቅ ፊልሙ ውስጥ ቀዩ አርሷል፣ ታሟል፣ ወድቋል። ባለቤቱ ባዶ ቀንበሩን ይዞ አጠገቡ ቆሟል። መምህሩ አየውና "ስሜት ይጎድለዋል። ድምፅ የለውም" አለኝ። ለቀጣዩ ደረጃ የሚያልፈው ፊልም ለሚመረጥበት የትምህርቱ መዝጊያ ዝግጅት የራሳችንን ድምፅ እንድንቀርጽ፣ ማሚቶ እንዳይኖርም ክፍሉን ብርድ ልብስ እንድናለብሰው ነገረን።

በዚያው ሳምንት አክስቴ ከቡሬ መጣች፣ ልትወስደኝ። ሳትቀመጥ ልብሴን ማጣጠፍ ጀመረች። ታዲያ አክስቴ ከሱቋ ይልቅ የምትታወቀው በአልቃሽነቷ ነው፤ ቡሬ ላይ እሷ ያላለቀሰችለት ሰው በደንብ እንደሞተ አይቆጠርም። እስቲ ትየው ብዬ ፊልሙን አሳየኋት። ቀዩ ሲወድቅ የያዘችው ቀሚሴ ከእጇ ወደቀ።

"ይኸ ሁሉ ሞቶ አልቃሽ የለውም?"

"የለውም።"

"ነውር ነው! በይ ቅጂኝ።"

"ትንሽ ብቻ፣ አክስቴ።"

አክስቴና "ትንሽ" ተገናኝተው አያውቁም። አባቴ እርሻ ነበሩ። መስኮቱን በፍራሽ፣ በሩን በብርድ ልብስ ዘጋን። ስልኩን ከፈትሁት። አክስቴ ደረቷን መታ አድርጋ ጀመረች፦

ጓደኛህ ከደጅ ቆሞ ወደ በሩ ያያል፣
ቀንበር ለአንድ ጫንቃ እንዴት ይገጥማል።

እናቴ ልታጅባት ነበር የተቀመጠችው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ዓይኗ ሞላ፣ ሦስተኛው ላይ እውነቷን አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ። ማን ይችላል!

የረሳነው ነገር የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤታችን መሆናቸውን ነው። ፍራሽ የአክስቴን ድምፅ አይመልስም። እኛ ዘንድ ደግሞ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ቆሞ "ማን ሞተ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ነውር ነው። መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ማንነቱ በኋላ ይደረስበታል። ሰውዬው አልጠየቁም፤ ጥሩንባቸውን ይዘው ወጡ።

ብርድ ልብሱ ተገልጦ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየጮኹ ሲገቡ አክስቴ የምታቆም መሰላችሁ? ሰው ሲመጣማ ባሰባት! እኔ "ኧረ በሬ ነው! የጭቃ በሬ ነው!" እላለሁ። "አይዞሽ፣ ድንጋጤ ነው፣ ያስቀባጥራል" እያሉ አንገቴ ላይ ያለቅሳሉ። ሁሉም አባቴ የሞቱ መስሏቸዋል። ውጭ ድንኳኑ ተተክሏል። ንፍሮው ሳይቀር ተጥዷል። እድራችን በሌላው ነገር ቀርፋፋ ነው፤ ለሞት ግን የሚቀድመው የለም።

አባቴ ከእርሻ ሲመለሱ የራሳቸው ደጃፍ ላይ ድንኳን አዩ። የጎረቤት ሰው ሁሉ ደህና ቆሟል። የጎደለው የቤት ሰው ነው። ዱላቸውን ወረወሩ፣ ሰውን ገፍትረው ገቡ።

"ልጄን! ልጄን! ምነው እኔን ባረገኝ! ልጄን!"

ለቀዩ አንዲት ቃል ያልወጣቸው አባቴ ናቸው እንግዲህ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። "አባ፣ አለሁ! ይኸው አለሁ!" ብዬ ከሴቶቹ መሐል ወጣሁ፤ ስልኩ በእጄ አሁንም ይቀርጻል። ያዙኝ፣ ፊቴን ዳበሱት፣ ከዚያ ማነው የሞተው አሉ። ነገርኋቸው። የምገባበት ጉድጓድ አጣሁ።

የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ድንኳን ከተተከለ ሳይለቀስበት አይነቀልም፤ ክፉ ነገር መጥራት ነው" ብለው በየኑ። "ቀዩስ ቢሆን ስንቱን ዘር አብልቶናል?" አባቴ ድንኳኑ ሥር ተቀመጡ። ንፍሮው ቀረበ። ሰው ተራ በተራ "እግዜር ይተካልዎ" አላቸው፤ እሳቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጓሮ ሳይዞሩ ስለ ቀዩ አወሩ። እንዴት በጥጃነቱ እንዳሳደጉት፣ እንዴት ያለ ጅራፍ እንደሚያርስ፣ አወሩ አወሩ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ፊልሙን ስቀጣጥል የአክስቴን ሙሾ አስገባሁ። ቀዩ ሲወድቅ ግን ሙሾውን አቁሜ የአባቴን ጩኸት አደረግሁ። ለማንም አልነገርሁም።

እሑድ የመዝጊያው ዝግጅት ሆነ። አባቴ ከኋላዬ፣ እናቴ ከጎኔ፣ አክስቴ የታሰረ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጣ። ቀዩ ሄደ፣ ዞሮ አፈጠጠ፣ አረሰ፣ ወደቀ። "ልጄን! ልጄን!" ሲል ድምፁ፣ አባቴ የራሳቸውን ድምፅ ዐወቁት። ወንበራቸውን ወደ ፊት ሲስቡ ሰማሁ። ዞሬ ላያቸው ፈራሁ።

መምህሩ አገጩን እያሻሸ አስተያየት ሰጠ። "ምስሉ አሪፍ ነው። ግን መጨረሻ ላይ ያለው ጩኸት... ተዋናዩ ትንሽ አጋኖታል። ተፈጥሯዊ አይመስልም። ቢቀነስ?"

"አይቀነስም!" አልሁት፣ ለመምህር እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። አባቴ ትከሻዬን ያዙኝና ጎንበስ ብለው ወደ ስልኩ ተጠጉ።

"ልጅ አለህ?"

"እኔ? የለኝም፣ አባባ።"

"እንግዲያስ ሲኖርህ ትነግረኛለህ" አሉና ወጥተው ሄዱ።

ለቀጣዩ ደረጃ የተመረጠው ከጠፈር የመጣው ጀግና ነው። እኔ "ስለተሳተፉ እናመሰግናለን" የሚል መልእክት ደረሰኝ። አክስቴ "አይዞሽ፣ ሱቁም ትምህርት ቤት ነው" አለችኝ፤ ለማጽናናት ነው እንግዲህ። ያደርሁት ሳለቅስ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት አክስቴ ሻንጣዬን ይዛ በር ላይ ቆማለች። የቡሬ መኪና እንዳያመልጠን ትቆጣለች። አባቴ ሳይነጋ ወጥተው የሉም። ሳይሰናበቱኝ ሊሰዱኝ ነው ብዬ ሆድ ባሰኝ።

ጫማዬን ሳስር ማዳበሪያ ተሸክመው መጡ። እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። አክስቴ ለእሷ የመጣ ጤፍ መስሏት "ምነው፣ ምን አስቸገርዎ!" አለች። አባቴ ማዳበሪያውን እግሬ ሥር አወረዱትና አፉን ፈቱት። ከወንዝ ዳር የወጣ ቀይ ጭቃ ነው፣ ጠጠሩ አንድ በአንድ የተለቀመ።

"በሬ ብቻውን አያርስም" አሉ፣ ፊቴን ሳያዩ። "ጓደኛ ሥሪለት።"

ሻንጣዬን ከአክስቴ እጅ ተቀብለው ወደ ቤት ገቡ።