ፔዳሉን የለቀቅኩት እኔ ነኝ

የሽማግሌው መካኒክ የዕረፍታቸው ወሬ የደረሰኝ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። ቅዳሴ አልቆ ጫማዬን ሳጠልቅ፣ የሂርና ተወላጅ የሆነች አንዲት ነጋዴ ጠጋ ብላ፣ «እናቴ፣ አሰበ ተፈሪ መንገድ ዳር መኪና የሚሠሩት አባባ እኮ አረፉ» አለችኝ። ነፍስ ይማር ከማለቴ በፊት ቀኝ እግሬ መሬቱን ረገጠ። «ምነው፣ አመመዎት?» አለችኝ።

ነገሩ በሃምሳዎቹ ዓመታት፣ ሂርና ስንኖር ነው። ባለቤቴ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችው፤ ሽንኩርት እየጫነ ቁልቁል ወደ ቦርደዴ ይወርድባታል። በዐቢይ ጾም አንድ ቀን ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራዋ ተሰብሮ አባባ ግቢ አስገባናት። ባሌስትራው ሲቀየር የፍሬኑ ቱቦ ተፈትቶ ስለነበር አየር ገባበት። አየር የገባበትን ፍሬን መርገጥ ጭቃ እንደ መርገጥ ነው፤ ያን ቁልቁለት በእሱ መውረድ ደግሞ ሞትን መጥራት ነው። አየሩን ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ከጎማው ሥር፣ አንዱ ፔዳሉ ላይ። ባለቤቴ እንዳይበላሽ ሽንኩርቱን እያገላበጠ ስለነበር ፔዳሉ ለእኔ ደረሰኝ።

አባባ ከሶላት ተመልሰው ከመኪናዋ ሥር ገቡ። ኦሮምኛው ስለሚቀናቸው «ርገጪ፣ ርገጪ፣ ርገጪ... ቀቢ!» ይላሉ። ያዢ ማለታቸው ነው። እኔ «ይዣለሁ» ስል ጎማው ዘንድ ያለውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ላላ ያደርጉታል፤ ዘይቱ ከነአረፋው ፊጭ ይላል፣ ፔዳሉም ከእግሬ ሥር ይሰምጣል። ቡሎኑን አጥብቀው «ልቀቂ» ሳይሉ እግሬን ካነሣሁ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ይህን ደጋግመው አስጠንቅቀውኛል።

አራተኛው ጎማ ላይ ደርሰን፣ ቡሎኑ ተፈትቶ ሳለ፣ የቅዳሴው ደወል ተደወለ። ያ ደወል ሲሰማ ቁጭ ብዬ አላውቅም። ዘልዬ ወረድኩና አማተብኩ።

ያደረግኩት የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። አባባ ክርናቸው ድረስ በዘይት ርሰው ብቅ አሉ። ባለቤቴ ከወዲያ፣

«ምነው፣ አላለቀም?»

«ቡሎን ማጥበቅ ረስቼ ነው» አሉ አባባ። «እንደገና ነው።»

«አባባ፣ መነጽር ልግዛልዎ እንዴ?»

«ለሚስትህ ግዛላት። አንተን ያገባችህ ሳታይ ነው።»

ግቢው በሙሉ ሳቀ። እኔ ዘንድ ጠጋ ብለው ግን፣ «ልጄ፣ ፈጣሪ ሲጠራ ማን ቁጭ ይላል? ሌላ ጊዜ ሊደወል ሲል ንገሪኝ፣ መጀመሪያ ቡሎኑን ልዝጋ» አሉኝ።

መኪናዋ በማግሥቱ በሰላም ወረደች። ቀልዱ ግን አልቆመም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከሂርና እስከ ቦርደዴ ባቆመበት ሻይ ቤት ሁሉ «አባባ ቡሎን ረሱ» እያለ አወራው። ክፋት አልነበረበትም፤ ይወዳቸው ነበር። ሆኖም አንዳንድ ሾፌር መኪናውን ወደ ሌላ ግቢ ማዞር ጀመረ። አባባ ያን እያዩ አንድ ቀን እንኳ ስሜን አላነሡም። እኔም ዝም አልኩ። ለንስሐ አባቴ ስናገር፣ «ስማቸው በጠፋበት አደባባይ መልሺላቸው» ብለውኝ ነበር። ነገ፣ ነገ ስል አገር ለቀቅኩ።

በዚያ ቀን ግቢው ውስጥ ቆማችሁ የሳቃችሁ፣ ዛሬም በሕይወት ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለሰደቃቸው ስትሰበሰቡ፣ ልጆቻቸው እየሰሙ፣ አባባ ቡሎን አልረሱም በሉልኝ። እግሯን ያነሣችው የሾፌሩ ሚስት ናት በሉ።