ያለ አሰልጣኝ የተጫወትነው ፍጻሜ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ» አለኝ። ሌላ ሰው የጠራ መስሎኝ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ባለቤቴ ሰናይት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ሽበቱ ከመጣ ቆይቷል፤ ሽምግልናው ግን እንዲህ በድንገት ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የልጁን ፍርሃት ሳይ የራሴ ክረምት ትዝ አለኝ፤ ያ የዋንጫ ክረምት።

ያኔ እዚሁ አውስትራሊያ፣ ሰንሻይን ዌስት በሚባል ሰፈር ጋሼ ታደሰ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ መኪና እነዳ ነበር። በምሳ ሰዓት ከመጋዘኑ ጀርባ ኳስ እንጫወታለን። ዶናል የሚባል ፀጉሩ የነጣ አየርላንዳዊ አለቃችን አንድ ቀን ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ «እጅህ ትልቅ ነው፤ ቅዳሜ ና» አለኝ። ለካ የአየርላንድ ስደተኞች ክለብ አሰልጣኝ ኖሯል። የእነሱ ልጆች ቪዛቸው ባለቀ ቁጥር ወደ አገራቸው ስለሚመለሱ፣ ግብ ጠባቂ አልበረክት ብሏቸው ነበር። እኔም አረንጓዴ ማልያ ለብሼ አየርላንዳዊ ሆንኩ።

ዋንጫው በቪክቶሪያና በሳውዝ አውስትራሊያ ያሉ የአየርላንዳውያን ክለቦች የክፍለ ግዛት ድንበር እየተሻገሩ የሚጫወቱት ጥሎ ማለፍ ነበር። ጥሎ ማለፍ ምሕረት አያውቅም፤ አንዴ ከተሸነፍክ ዓመቱ አለቀ። ዶናል ለዚያ ዋንጫ ስንት ዘመን ደክሞ አንድም ጊዜ ለፍጻሜ አልደረሰም። በዚያ ክረምት ግን ዝናቡም ጭቃውም ለእኛ አደላ፤ አንዱን በጭንቅላት ኳስ፣ ሌላውን በፍጹም ቅጣት ምት አለፍን። ከጨዋታ በኋላ የበግና የድንች ሾርባ ይቀርብልናል። ለሕመምተኛ የተሠራ ይመስል አልጫ ስለነበር፣ ከኪሴ በርበሬ አውጥቼ እነሰንስበት ነበር። ዶናል አንድ ቀን ቀመሰ፣ አለቀሰ፣ ከዚያም ሳሕኑን እንደገና አቀረበ። ከዚያ ወዲያ ያለ በርበሬ አልበላም አለ።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። ሰናይትን ወድጃለሁ፤ እሷም ወዳኛለች። አባቷ ጋሼ በላቸው ግን ሆፐርስ ክሮሲንግ ከሚባለው ሰፈራቸው ሆነው ስለ ኳሱ ወሬ ሰምተዋል። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰካራም ፈረንጅ ጋር ኳስ ለሚያባርር ልጄን አልሰጥም» ብለዋል አሉ። ሽማግሌ ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለሱ ያለ ነው፤ እሳቸው ግን «አንድ ቀን እሰማለሁ፤ እምቢ ካልኩ ተመልሳችሁ እንዳትመጡ» ብለው ቀን ቆረጡ። የእሳቸውም ነገር ጥሎ ማለፍ ሆነብኝ። የቆረጡት ቀን ደግሞ የፍጻሜው ቅዳሜ ሆኖ አረፈው።

ሽማግሌዎቼ ጋሼ ታደሰ፣ አንድ ቄስና አንድ የመንደራችን ሰው ነበሩ። ሰውየው በዋዜማው ደውሎ «ሺፍቴን ካንስል ማድረግ አልቻልኩም» አለ።

ጋሼ ታደሰ ተናደዱ። «ሁለት ሆነን ብንሄድ ንቀት ነው የሚሉት። አንተ ልጅ፣ ሰው ፈልግ!»

ዶናል ጋ ሄጄ፣ ፍጻሜው ወደሚደረግበት ወደ አዴሌድ እንደማልሄድና ሦስተኛ ሽማግሌ ስፈልግ እንደምውል ነገርኩት።

«ሽማግሌ ምንድን ነው ሥራው?» አለኝ።

«ስለ እኔ መመስከር።»

ኮፍያውን አውልቆ ነጭ ፀጉሩን አከከ። «ቡድን ያለ አሰልጣኝ ይጫወታል፤ ያለ ግብ ጠባቂ ግን አይጫወትም። አንተ አዴሌድ ሂድ፤ እኔ ሆፐርስ ክሮሲንግ እሄዳለሁ።»

ተለማመጥኩት፣ ተቆጣሁት፤ አልሰማ አለኝ።

በሚኒባስ ሌሊቱን ተጓዝን። ፍራፍሬ ይዞ ወደ ሳውዝ አውስትራሊያ መግባት ስለማይፈቀድ፣ ድንበሩ ሲቃረብ አንድ ከረጢት መንደሪን ተሻምተን ጨረስን። ሌሎቹ እየዘፈኑ ሲልጡ እኔ ሽማግሌዎቹ የሚገቡበትን ሰዓት እቆጥር ነበር።

ጨዋታው ያለ ግብ ገፋ። ስልኬን ለተጠባባቂው ለኪራን ሰጥቼው ከጎሌ ጀርባ ቆሟል። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ስልኩ ጮኸ። ኪራን ጆሮው ላይ ለጥፎ አዳመጠ፤ ከዚያ በቀይ ፊቱ ሙሉ ሳቀና «እሺ ብለዋል!» ብሎ ጮኸ። ሁለት እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ «ተመስገን!» ስል ኳሷ በአጠገቤ አልፋ መረብ ውስጥ ገባች። ግብ ገብቶበት የሚስቅ ግብ ጠባቂ አዴሌድ ከዚያ በፊት አይታ የምታውቅ አይመስለኝም። አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። ጓደኞቼ ሊቆጡኝ ሮጠው መጡና ኪራን ሲነግራቸው ተሸክመውኝ ወጡ። ለወራት ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር እዚያው ሜዳ ላይ ቀረ፤ በመልሱ መንገድ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ጋሼ በላቸው ቤት የሆነውን ጋሼ ታደሰ በኋላ አጫወቱኝ። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ እህልም አይቀምስም። ዶናል ግን ጉልበቱን ስለሚያመው ገና እንደገባ ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። የሰናይት እናት ግራ ገብቷቸው ዶሮ ወጥ ቢያቀርቡለት እጁን ታጥቦ ይበላ ጀመር።

«መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ» አሉኝ ጋሼ ታደሰ። «ቄሱ ጣራ ጣራውን ያያሉ። ሰውዬህ እቴ! ላቡን እየጠረገ ይጎርሳል።»

ጋሼ በላቸው በእንግሊዝኛ ጠየቁት። «ዛሬ ኳስ የለም እንዴ?»

«አለ። የዋንጫው ፍጻሜ ነው፤ አሁን እየተጫወቱ ነው።»

«ታዲያ እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ዋንጫ በየዓመቱ አለ» አለ ዶናል። «እንዲህ ያለ ልጅ ግን በየዓመቱ አይመጣም።»

ጋሼ በላቸው ለዶናል እንጀራ ጨመሩለት። ከዚያ ወደ ጋሼ ታደሰ ዞረው «በሉ እናንተም ተቀመጡ፤ ወጡ ሳይቀዘቅዝ ብሉ» አሉ። እሺታቸው ይኸው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ዶናል መጋዘኑ በር ላይ ጠበቀኝ። ውጤቱን ሰምቷል። ዓይኑን ማየት አቅቶኝ ሳቀረቅር ትከሻዬን ያዘኝና «በእኔ በኩል ግን አልፈናል» አለኝ። ዋንጫውን ሳያነሳ ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገባ። እስከ ዛሬ በየገናው በርበሬ እንልክለታለን።

ወጣቱ ሽምግልናው መጪው ቅዳሜ መሆኑን ነገረኝ። ልጄ ከጎኔ ሆና ትሰማ ስለነበር እጄን ጎተተችኝ። የእሷን የሕፃናት ቡድን የማሠለጥነው እኔ ነኝ።

«ዳድ፣ ቅዳሜ እኮ ሴሚ ፋይናል ነው!»

«አውቃለሁ» አልኳት። «ቡድን ያለ አሰልጣኝ ይጫወታል።»

ወጣቱ ሊያገባት የፈለጋትን ልጅ አባት አላውቃቸውም። አንድ ነገር ብቻ ቢጠይቁኝ ደስ ይለኛል፤ ዛሬ ሌላ የት መሆን ነበረብህ ብለው።