በሁለት ጣት

ቆንጂት ብርድ ልብስ ስትጨምቅ ያየ ሰው ከትግል ስፖርት ጋር ምን አገናኛት ብሎ አይጠይቅም ነበር። በሰው አገር፣ ሙየንጋ ኮረብታ ላይ፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች በሚያርፉበት የእንግዳ ማረፊያ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል። የማረፊያው ባለቤት ወይዘሮ ታደለች ሊያሠሩት አላሰቡም፤ ቆንጂት እያለች ምን በወጣቸው! ድርቡን ብርድ ልብስ በአንድ ጫፉ የውሃ ቧንቧው ላይ አስራ ሌላውን ጫፍ ይዛ ስትጠመዝዘው ውሃው ዶፍ ሆኖ ይወርዳል። የቀረውን ፀሐይ ጨረሰው ይባል እንጂ ለፀሐይ የምትተወው ብዙም አልነበረም።

ትግሉ ውስጥ የጎተተቻት ለቲ ናት። ለቲ ከአስመራ የመጣች፣ ካምዎክያ ገበያ ልብስ የምትሸጥ፣ ናሙዎንጎ ሰፈር ውስጥ ከቆንጂት ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ደፋር ልጅ ነች። አንድ እሁድ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ድሮ የበቆሎ መጋዘን በነበረ አዳራሽ በር ላይ ቆመው ወንዶች ወለል ላይ ተቆላልፈው ሲንከባለሉ አዩ። ለቲ ገብታ አሰልጣኙን ሰቡንያን ሴቶች የት አሉ ብላ ጠየቀችው። ጆሮዎቹ በትግል ብዛት የተጨማደዱት ሰቡንያ መጥተው አያውቁም አላት። ይኸው መጣን አለችው፤ የቆንጂትን እጅ እንደያዘች ነበር።

በእርግጥ ሰቡንያ ትንሽ ዋሽቷል። ከዓመታት በፊት አንዲት ሴት መጥታ ከወንዶቹ ጋር ስትታገል ከርማ ነበር። ስሟን የሚያስታውስ ግን የለም። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የክለቡ ፎቶ ወንዶቹ ሁሉ ደረታቸውን ነፍተው ሲታዩ፣ ከዳር ተቆርጦ የቀረ አንድ የሴት ክርን ይታያል። እሷ ናት ይላሉ። በዚያ አዳራሽ የሴቶች ትግል ታሪክ ይኸው ነበር፤ አንድ ክርን። እንኳን ስም፣ ፊት አልተረፋትም።

የነሱ ትግል ጥሎ በማሸነፍ አያበቃም። የተጋጣሚን ክንድ ወይም አንገት ቆልፎ እጅ ማሰጠት ነው። የተያዘው ሰው በመዳፉ የተጋጣሚውን ገላ ወይም ፍራሹን መታ መታ ካደረገ፣ የያዘው ወዲያው ይለቃል። ይህ ሕግ ባይኖር በየሳምንቱ አጥንት ይሰበር ነበር። የሰቡንያ የመጀመሪያ ትምህርትም ይኸው ነበር፦ ስትመቱ አዳራሹ ይስማ።

ከዚያ በፈረንጆች አቆጣጠር የሁለት ሺህ ሃያ መጋቢት ከነወረርሽኙ መጣ። አዳራሹ ተዘጋ፤ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ሰው መጫን አቆመ፤ የለቲ ሱቅ ተቆለፈ፤ የወይዘሮ ታደለች እንግዶች በመጨረሻው አውሮፕላን ወደየአገራቸው ሄዱ። ቆንጂት አልፎ አልፎ በእግሯ ኮረብታውን ወጥታ የተረሳ መጋረጃ ከማጠብ በቀር ሥራ አልነበራትም። ሁለቱ ሴቶች የሚተኙባቸውን ፍራሾች ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው መታገል ጀመሩ። ምን ያድርጉ?

ከግድግዳው ማዶ ሙሚና ነበረች። ሙሚና የጅማ ልጅ ናት፤ የከባድ መኪና ሾፌር ባሏ ድንበር ላይ ታግዶ ቀርቶ ብቻዋን የወለደች አራስ። ሕፃኗ ሱልጣና ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ከሰዓት በኋላ ብቻ ትተኛለች። አንድ ቀን ቆንጂት የለቲን ክንድ ስትቆልፍ፣ ለቲ ወለሉን በመዳፏ መታች፤ ቀጭኑ ግድግዳ ተንቀጠቀጠ፤ ሕፃኗ ነቃች። ሙሚና በራቸው ላይ መጣች። ትቆጣለች ብለው ሲጠብቁ በሩን ተደግፋ ማልቀስ ጀመረች። አሁን ገና ነበር የተኛችው አለቻቸው። ሁለቱም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ።

ከዚያ ቀን በኋላ መምታት ቀረ። የተያዘችው በሁለት ጣት የሌላዋን ገላ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን ታደርጋለች፤ ሌላዋ ትለቃለች። አንዲት ኮሽታ የለም። ቤት ውስጥ በተዘጉባቸው ወራት፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ሲዘጋም፣ ከሰዓት በኋላ ትንፋሻቸውን ውጠው ይታገላሉ፤ ከግድግዳው ማዶ ሕፃኗ ትተኛለች፤ እናቷም አጠገቧ ታሸልባለች። የለቲ ገላ የቆንጂትን ጣት ገና ሳይጫን የሚያውቀው ሆነ። ሰው በተራበበትና በሞተበት ጊዜ እንዲህ ማለት ነውር ሆኖባት ለማንም አልተናገረችም እንጂ፣ ቆንጂት በሕይወቷ እንደዚያ ጊዜ ደስ ብሏት አያውቅም።

በሁለት ሺህ ሃያ ሁለት መጀመሪያ አዳራሹ ተከፈተ። ሰቡንያ ከስቶ፣ ግን ወሬ ይዞ ብቅ አለ። አንድ የሰፈር ማኅበር ለልጃገረዶች የትግል ክፍል ሊከፍት ነው፤ አስተማሪ የምትሆነው ካምዎክያ በሚደረገው የሴቶች ውድድር የምታሸንፈው ናት። ቆንጂት ይህን ስትሰማ ልቧ ዘለለ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ ቤተሰቧ ለትምህርት አልተፈጠረችም ያሏት ሴት አስተማሪ ልትባል! ብርድ ልብስ እየጨመቀች ሳለ ፊሽካ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ልጃገረዶች ከፊቷ ተሰልፈው ይታዩዋት ጀመር። እንዲህ አጥብቃ የፈለገችው ነገር አልነበራትም።

ሰቡንያ አንድ ቀን ሁለቱን ሲያያቸው ቆይቶ፣ ስትመቱ አልሰማሁም አለ። ቆንጂት እየሳቀች ሁለት ጣቷን አሳየችው። እሱ አልሳቀም። ምታ ስልህ ምታ የሚለው ለወንዶቹ የሚሆን ቁጣው ወረደባቸውና ያን ቀን መታ መታ ሲያደርጉ ዋሉ። በማግስቱ ግን ሌላ ሴት ባልነበረበት አዳራሽ ሁለቱ ብቻቸውን ሲገናኙ ጣቶቹ ተመለሱ። ገላ የለመደውን በአንድ ቀን ቁጣ አይተውም።

ውድድሩ እሁድ ነበር። ካምዎክያ የሚገኘው አዳራሽ በሙዚቃና በጩኸት ተሞልቶ አጠገብ ያለ ሰው አይሰማም። ቆንጂት የመጀመሪያዋን ተጋጣሚ በቀላሉ እጅ አሰጠቻት። ለመጨረሻው የቀረችው ናንቶንጎ የምትባል፣ እዚያው ገበያ ማቶኬ የሚሉትን የሚቀቀል ሙዝ ከመኪና የምታራግፍ፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት ነበረች። ቆንጂት ከላይ ነበረች፤ እየመራች ነበር። የናንቶንጎን አንገት ለመያዝ ስታጎነብስ ቀኝ ክንዷ ተዘርግቶ ቀረ፤ ናንቶንጎ በሁለት ጭኖቿ መሃል ቆልፋ ወደ ኋላ ተለጠጠች።

ቆንጂት መሸነፏን አወቀች። ክፍሉ፣ ፊሽካው፣ ልጃገረዶቹ፣ ሁሉም አለቀ። በግራ እጇ ሁለት ጣቶች የናንቶንጎን ጭን ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረገች።

ከዚያም ቆንጂት የተያዘ ክንዷን አላላችው። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ስትታገል ብትቆይ ኖሮ ምናልባት ጊዜ ታገኝ ነበር። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከጣቶቹ በኋላ ሁልጊዜ የሚመጣው መለቀቅ ነበር፤ ጡንቻዋ አምኖ ዘና አለ። ናንቶንጎ አልለቀቀችም። ዳኛው አላየም። ያየችው ከዳር የቆመችው ለቲ ብቻ ነበረች።

“እጅ ሰጥታለች፣ ልቀቂያት!” ብላ ጮኸች ለቲ፤ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር በእንግሊዝኛና በሉጋንዳ የምትከራከረው ለቲ በዚያች ቅጽበት አፏ ላይ የመጣላት አማርኛ ነበር። ማንም አልገባውም። ክርኗ ሲሰበር ግን ሙዚቃውን አልፎ ለሁሉም ተሰማ።

ሐኪም ቤት ክንዷን በጀሶ አሰሩላት። ጀሶው ሲወጣ ክንዱ ግማሽ ድረስ ታጥፎ ቀረ። ወይዘሮ ታደለች ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋት መጡና ሲሄዱ በሩ ላይ ቆመው፣ “ልጄ፣ እኔ ባዝንልሽም ብርድ ልብሱ ራሱን አይጨምቅም” አሏት። እውነታቸውን ነው። በዚያው ሳምንት ማሽኑን አሠሩት። በአንድ ጠዋት ተሠራ፤ የዚያን ሁሉ ዓመት ጭመቃ በአንድ ጠዋት!

ናንቶንጎም መጣች። አንድ ዘለላ ማቶኬ ወለሉ ላይ አስቀምጣ፣ “ጣቶችሽ ተሰምተውኝ ነበር። የምትጨብጪበት ቦታ የምትፈልጊ መሰለኝ” አለቻት በእንግሊዝኛ። የልጃገረዶቹን ክፍል እሷ አግኝታለች፤ እንቅልፍ ግን አጥታለች። ቆንጂት ጥፋቱ ያንቺ አይደለም እያለች አጽናናቻት። ከሄደች በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እስኪደክማት አለቀሰች።

ሙሚና በየቀኑ ሾርባ ታመጣለች፤ አሁን እንደ ልቧ የምትሮጠውን ሱልጣናን አስከትላ። እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ሊደርስ ቻለ እያለች ትብሰለሰላለች። ቆንጂት ዕድሌ ነው ትላታለች። የጣቶቹን ነገር ለሙሚና ትንፍሽ እንዳትል ለቲን አስምላታለች።

ለቲ አዳራሹን ዳግመኛ አልረገጠችም። ሐኪሙ አንድ ተስፋ ነግሯቸው ነበር፦ ክንዱ በሚቀጥሉት ጥቂት ወራት በየቀኑ በሌላ ሰው እጅ፣ እያመማትም ቢሆን ከታጠፈበት አልፎ ካልተገፋ፣ እንደታጠፈ ይቀራል። ሥራውን ለቲ ያዘች። ከሰዓት በኋላ ፍራሹ ላይ ይቀመጣሉ፤ ለቲ ክርኑን በሞቀ ዘይት አሽታ ቀስ እያለች መግፋት ትጀምራለች። ሕመሙ ሲብስ የቆንጂት ግራ እጅ ሳታዘው ይሄድና የለቲን ጉልበት በሁለት ጣት ጫን ጫን ያደርጋል። ለቲም ትለቃለች።

“ብጫንሽም አትልቀቂ” አለቻት ቆንጂት። ለቲ እሺ ብላ ማለች። በማግስቱ እንደገና ሞከሩ፤ ለቲ ዓይኗን ጨፍና፣ ጥርሷን ነክሳ ገፋች። ጣቶቹ መጡ። ለቀቀች። የቆንጂትን ግራ እጅ ከኋላ በነጠላ አሰሩት፤ በጣቶቹ ፈንታ የእግሯ ጣቶች መጡ፤ ለቀቀች። ሌላ ሰው እንዳይፈልጉ በየቀኑ የሚገፋ ሰው በነፃ ከየት ይመጣል? ሙሚናን መጠየቅ ደግሞ ነገሩን ሁሉ መንገር ነው።

ቀናቱ እንዲሁ አለፉ። ሐኪሙ የሰጣቸው ጊዜ አለቀ፤ ክንዱ ከእንግዲህ አይዘረጋም። ያን ቀን ለቲ ዘይቱን አሙቃ ስትቀርብ ቆንጂት ይቅርብሽ አላለቻትም፤ ክንዷን ሰጠቻት። ለቲ ትንሽ ገፋች። ከግድግዳው ማዶ ሱልጣና በመዳፏ ግድግዳውን እየደበደበች ትስቃለች። ቆንጂት ሁለት ጣቷን ጫን አደረገች፤ ለቲ ለቀቀች።