የኢሳ ቁራሽ

ኢሳ የሱዳን ሰው ነው። ከኑባ ተራሮች ድረስ ድንበር አጠገብ ወዳለችው ከተማችን ወደ ሽንፋ የመጣው ቅስና ሊማር ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነበር። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ የሰው ድምፅ እያስመሰልኩ የምዞርበት ጊዜ ነው፤ ጓድ ሊቀመንበር ስብሰባ ሲመራ፣ ትራክተር አልነሳ ሲል፣ የማልለው አልነበረም።

ኢሳ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከየኔታ ደምለው ተማሪዎች ጋር ጎጆ ውስጥ ያድራል። ጎህ ሲቀድ ዜማ፣ ከዚያ ከወንዝ ውኃ ማመላለስ፣ ከዚያ በዚያ ሐሩር ደበሎ ለብሶ በየአጥሩ መለመን። ደገኞቹ ተማሪዎች እንኳ ደበሏቸውን አውልቀው ጥለዋል። እሱ "ተማሪ እንዲህ ነው" ብለውት አያወልቅም።

"በእንተ ስማ ለማርያም! ያ እናቴ!" ሲል ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፤ "ያ" የምትለው ያገሩ መጥሪያ ናት። ሴቶቹ ወጥተው አያዩትም፤ በድምፁ ያውቁታል። ቁራሽ እንጀራውን በማሽላ አገዳው አጥር በላይ ያሳልፉለታል።

አንድ ቀን ቀደምኩት።

"በእንተ ስማ ለማርያም! ያ እናቴ!"

እትዬ ጥሩአየሁ አሳለፉልኝ። ጎረቤታቸውም እንደዚያው። ከጓደኛዬ ከአለነ ጋር ዛፍ ጥላ ስር ሳቃችንን ለቀቅነው፤ እንጀራውን ለውሻ ጣልንለት። ኢሳ ሲደርስ እትዬ ጥሩአየሁ ጮሁበት።

"አሁን ወስደህ ደግሞ? ሆድህ ጎተራ ነው እንዴ?"

ወደሚቀጥለው አጥር አለፈ። ሳምንት ሙሉ እንዲህ አደረግን።

ቅዳሜ ወንዝ ስወርድ ኢሳ ጀሪካኑን አስቀምጦ በእጁ እየጨለፈ ይጠጣል፣ ይጠጣል።

"ምን ሁነህ ነው?" አልኩት።

"ሆዴን እየሞላሁ ነው። የኔታ ሰባት ቀን እንዳልለምን ቀጡኝ። ደግሜ ካጠፋሁ ድንበር አሻግረው ወደ ገላባት ይመልሱኛል።"

"ምን አጠፋህ?"

"ሁለቴ ይወስዳል ብለው ሴቶቹ ከሰሱኝ።"

"ታዲያ አልወሰድኩም አትልም?"

ገርሞት አየኝ። "ያን ሁሉ እናት ውሸታም ልበል? ሲርበኝ እረሳለሁ መሰለኝ። ወስጃለሁ፣ ይፍቱኝ አልኳቸው።"

ጀሪካኑን ልሸከምልህ ስለው እንቢ አለኝ። ቀጥ ብዬ እትዬ ጥሩአየሁ አጥር ሄድኩ።

"በእንተ ስማ ለማርያም! ያ እናቴ!"

"ቅጣትህን ሳትጨርስ መጣህ? ዓይንህን አያሳየኝ!"

እግሬ ሽሽ ሽሽ አለኝ። ድንጋይ ላይ ወጥቼ ፊቴን ባጥሩ በላይ አወጣሁ።

"አንተ ነህ?" አሉ።

"እኔ ነኝ እትዬ። ሳምንቱን ሁሉ።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እንጀራ በነጠላቸው ጠቅልለው፣ እኔን ከፊት አስቀድመው የኔታ ዘንድ ወሰዱኝ። የኔታ ሰምተው ሲያበቁ ኢሳን አስጠሩት፤ ቅጣቱን አነሱለት፣ "አንተ ነህ የምትፈታኝ" አሉት።

ኢሳ የተሰጠውን እንጀራ ይዞ ወደኔ ዞረ። አሁን በጥፊ ይለኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ርቦህ ኖሯል፤ ለምን አልነገርከኝም?" አለኝና እንጀራውን ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ዘረጋልኝ።

ርቦኝ አይደለም፣ ለውሻ ነው የሰጠሁት ማለት አቃተኝ። ተቀብዬ በላሁት።