የባሕር ማዶ ለቀስተኞች

ነቀምቴ ውስጥ የሥዕል መምህር ነኝ ስል ሰው «እሺ፣ ሥራህስ?» ይለኛል። ታፔላ እጽፋለሁ፣ ምን ላድርግ! አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ግን በደወሉ ቁጥር አንድ ወሬ ነው ያላቸው፤ የአፍሪካ ሥዕል ጊዜው ደረሰ፣ ፈረንጅ እየተሻማ ይገዛል። ይሻማ! እኔ ሸራ እንኳ ስለማላገኝ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ፣ በቤት ቀለም ነው የምሥለው።

እናቴ ጨለለቂ ሠፈር እኔው ጋ ናት። ግጭቱ ሲነሣ ከጊዳ አያና የወጣችው በለበሰችው ነጠላ ብቻ ነው። አባቴ እዚያው ቀረ፤ ማን እንደቀበረው አናውቅም። ቤቱም ተቃጠለ። መንገዱ ዝግ፣ ኔትወርክ የለ፣ ዘመዱ ተበትኗል፤ ለቅሶ የደረሰን ሰው አልነበረም። እናቴም አላለቀሰችም። «ሰው ሳይሰበሰብ ብቻዬን ልጩህ እንዴ? አበድኩ?» ትላለች። በሠፈራ ከወሎ የመጣች ናት፤ ለቅሶ ያለ ድንኳን፣ ያለ አልቃሽ አይሆንላትም። ደረቴን ያዘኝ ስትል ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ፤ ምንም የለባትም ይሉኛል።

ቤቱን ሣልኩላት። ከረጢቶቹን ሰፍቼ ግድግዳ የሚያህል አደረግኩት፤ የዛገውን ቆርቆሮ፣ አባቴ ደጃፍ ላይ የሚቀመጥበትን ግንድ ሳይቀር። «መቀርቀሪያው በግራ ነው» ብላ አሳረመችኝ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እሱ ሥር ነበር የምትቀመጠው።

ኤግዚቢሽን የምታዘጋጅ አንዲት የአዲስ አበባ ሴት ፎቶውን አይታ ደወለች። ውጭ አገር ይታይና ይመለስልሃል አለችኝ። እናቴን ጠየቅኳት። «ይመለሳል ካሉህ ይሂድ፤ ያንተም እንጀራ ነው» አለች። ቡና በጫነ መኪና ላይ ሄደ።

ሴትየዋ ቆይታ ፎቶ ላከችልኝ። ነጭ አዳራሽ፣ ግድግዳው ላይ ቤታችን። ፊት ለፊቱ ጥቁር የለበሱ ሰዎች እጃቸውን አጣምረው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆመዋል። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ሥዕሉን ሊያዩ የመጡ ናቸው፣ እማዬ።»

«ሂድ ወዲያ! ሥዕል ለማየት ጥቁር ይለበሳል? ለአባትህ ነው እንጂ የመጡት!»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ቁጭ አለች። «ወይኔ ጌታዬ! ባሕር ማዶ የማያውቁህ ሰዎች ደረሱልህ!» እያለች ደረቷን ደቃች። ያ ሁሉ ጊዜ የታፈነ ለቅሶ ወጣ። እኔም አላስቻለኝም፤ አብሬያት ጮህኩ።

ጎረቤቶች እየሮጡ ገቡ። «ሃርሜ፣ ማል ታቴ? ምን ሆንሽ እናቴ?» ይላሉ። ባሏ ነው ስላቸው ማንም መቼ ሞተ ብሎ አልጠየቀኝም። አግዳሚ ወንበር አመጡ፣ ተቀመጡ። «ጌታ ያጽናናችሁ» አሉን።

በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ። ሴትየዋ ናት። «እንኳን ደስ አለህ! አንድ ሀብታም ገዛው፣ ሳሎኑ ውስጥ ሊሰቅለው ነው። ከአሁን በኋላ ስምህ ተጠራ በለው!» ማን ሽጪው አለሽ ብዬ ልጮህባት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቷል፤ ስልኩን ዘጋሁት።

እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ቀለል ብሏት ነበር።

«እንግዲህ ለቅሶው ሲያበቃ ቤቱን ይመልሱልናል፣ አይደል?»

«አዎ፣ እማዬ» አልኳት። ባዶውን ግድግዳ እያየች ነበር።