ስልኩን ያነሳው ማሽን

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ወደ ደርግ ዘመን መጨረሻ ገደማ እንደነበር ግን አልጠራጠርም፤ የጎረቤታችን ልጅ ያኔ ሰሜን ዘምቶ ነበር፤ ላፍቶም ገና የጤፍ ማሳ ነበረች። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ስጠይቃት፣ "ትንሿ ልጃችን ጥርስ ባወጣችበት ክረምት ነው" ትለኝ ነበር። እኔ ክረምት አይመስለኝም። አቧራ ነበር። የማሽኑን ቁልፎች በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግ ነው ትዝ የሚለኝ።

የምንኖረው ነፋስ ስልክ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የቀበሌ ቤት ነው። እኔ የክር ፋብሪካ እቃ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ትምህርቴ ያን ያህል አይደለም፤ ፊደል የቆጠርኩት ከቄስ ዘንድ ነው፤ የፈረንጁን ፊደል ደግሞ ከውጭ በሚመጣው ሳጥን ላይ ከተጻፈው ለመድኩት። ድምፁን አውቃለሁ፤ ቋንቋውን አላውቅም።

ቤታችን ስልክ ነበረው። ከኛ በፊት የነበረው ተከራይ ትቶት የሄደ ነው እንጂ እኛ አስገብተነው አይደለም። በመንገዳችን ሌላ ስልክ ስላልነበረ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለዘመዱ የሚሰጠው የኛን ቁጥር ነው። ስለዚህ ስልኩን ስናነሳ "ሃሎ፣ ማንን ልጥራልዎ?" ነው የምንለው። ልጆቻችንም የሰው ስልክ ሲያነሱ ይህንኑ ይሉ ስለነበር ይሳቅባቸው ነበር።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ውጭ ተምሮ ሲመለስ አንድ ኮምፒውተር ይዞ መጣ። ወፍራም መጽሐፍ የሚያህል ነገር ነው፤ ሁሉም ነገር ያለው ከቁልፎቹ ሥር ነው። ከቴሌቪዥን ጋር ያያይዙታል፤ ሥራውን ደግሞ ከካሴት ይሰማል። እሱ የሚኖርበት ቤት ስልክ ስለሌለው ማሽኑን እኛ ሳሎን ማስቀመጥ ፈለገ።

"ጋሼ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው" አለኝ። "ቀበሌ በር ላይ እንዳለው። ልዩነቱ፣ ሰው በእግሩ አይመጣም፤ በስልክ ነው የሚመጣው።"

"መጥቶስ?"

"የተለጠፈውን ያነባል። የራሱንም ለጥፎ ይሄዳል።"

"ማን ነው የሚመጣው?"

"እንደኔ ማሽን ያለው።"

"ብዙ ናችሁ?"

ሳቀ። "አንድ ውይይት ታክሲ አንሞላም።"

ባለቤቴ በበኩሏ፣ "ሰፈሩም ነፋስ ስልክ ነው፤ ይለመዳል" አለችና የአበባ ማስቀመጫዋን ከቴሌቪዥኑ ላይ አነሳችለት።

መጀመሪያ ላይ ብዙ አስቸገረን። ካሴቱ ሲጫወት የሚያወጣው ድምፅ ጥርስ ያፋጫል። ድምፁ ከፍ ካለ ማሽኑ አይሰማም፤ ዝቅ ካለም አይሰማም። በመጨረሻ ልክ የሆነበትን ቦታ ባለቤቴ በጥፍር ቀለሟ ምልክት አደረገችበት። መብራት ብልጭ ካለ የተጫነው ሁሉ ይጠፋል፤ ያኔ ካሴቱን ጠቅልሎ እንደ አዲስ መጀመር ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ወሬ ሰምቶ መጣ። ማሽኑን ዞሮ አየውና "ይኼ ወደ ውጭ ይናገራል?" ብሎ ጠየቀ። የሚስቴ ወንድም "ስልኩ የሚናገረውን ያህል ነው፣ ጓድ" አለው። ሊቀመንበሩ አሰበና የጽዳት ዘመቻ ማስታወቂያ እንድንለጥፍለት አዘዘ። ለጠፍን። ለጽዳት የመጣ ሰው ግን የለም።

ከስልኩና ከኮምፒውተሩ መሃል ትንሽ ሳጥን አለች፤ ሞደም ይሏታል። ጎኗ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ የመሰለ ነገር አላት። ወዲህ ካደረጓት ስልክ ሲጠራ ማሽኑ ራሱ ያነሳና ሲ...ጥ ብሎ ይጮሃል። የደዋዩ ማሽን ያንን ጩኸት ሲሰማ ይመልስለታል፤ እንዲያ ተዋውቀው ሥራ ይጀምራሉ። ወዲያ ካደረጓት ግን ሰው እስኪነካት ዝም ትላለች።

ሰሌዳውን የምንከፍተው እሑድ ከምሳ በኋላ ነበር። ከዚያ በፊት ያማከርናት ሰው ጎረቤታችን ናት። አጥር ለአጥር ነን። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ያላት ያ የዘመተው ልጅ ብቻ ነው፤ የሚደውለውም በኛ ስልክ ነው።

"እትዬ፣ እሑድ እሑድ ስልኩን ማሽን ቢይዘው ምን ይመስልሻል?" አልኳት።

"ልጄ እሑድ ደውሎ አያውቅም" አለች። "እሑድ ፀጉር ይቆርጣል። ከካምፑ አጥር ሥር ወንበር አለው አሉ። ወታደሩም ሹፌሩም እሱ ጋ ነው። ያዙት፤ ምን ቸገረኝ።"

እንዲህ እያልን ጥቂት ወራት ቆየን። የሚስቴ ወንድም ለጉድጓድ ውሃ ሥራ ወደ ደቡብ ሲወጣ ካሴቱን መጫኑን ለኔ ይተውልኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። የማላየው ሰው መጥቶ ሳሎኔ ውስጥ ጽፎ ሲሄድ እንግዳ የተቀበልኩ ይመስለኛል። የማይቀር አንድ ነበር፤ ሰሜን የት የት እንደዘነበ፣ የትኛው መንገድ እንደተቆረጠ፣ የእህል መኪና የት እንደደረሰ ይጽፋል። ከአንድ የእርዳታ መሥሪያ ቤት ነው፣ በየጠዋቱ ከሰሜን ከተሞች ጋር በሬዲዮ ይነጋገራሉ፣ በሥራ ቀንም ሰሌዳው ተከፍቶ እንደሆነ እየደወለ ይሞክራል ብሎ የሚስቴ ወንድም ነግሮኛል።

አንድ እሑድ ስልኩ ጠራ፤ ማሽኑ አነሳና ጮኸ። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ምንም አልመጣም። ጥቂት ቆይቶ መስመሩ ተዘጋ። የተሳሳተ ሰው ነው ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ከፋብሪካ ስመለስ የጎረቤታችን ወንድም ከአቃቂ መጣ። ጥቁር ለብሷል፤ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሁለት ሴቶች አስከትሏል። ገና ከበሩ "እህቴን፣ እህቴን" እያለ ደረቱን እየመታ ገባ። እህቱ ግቢ ውስጥ ምስር እየለቀመች ነበር። ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሳች፤ ልታለቅስም ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

"ማን ሞተብን?" አለች።

እሱ ቆሞ አያት። "አንቺ" አላት።

"እኔ?"

"አንቺ ነሽ የሞትሽው።"

ሴቶቹ ያማትባሉ። እሷ መልሳ ተቀመጠች። "እንግዲያው ድንኳኑን አታስተክሉ፤ እድሩ ሁለተኛ አይሰጠኝም" አለች። ሳቅን። ሳቁ ግን ወዲያው ቆመ፤ ወንድሟ ነገሩን ሲያስረዳ።

ልጁ የደወለው ለሱ ነው፤ ወደሚሠራበት ቦታ። በዚያ እሑድ ወደኛ ቤት ደውሎ ኖሯል፤ ለምን እሑድ እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ሁሉ አገር በሚመጣው ሻካራ መስመር የማሽኑን ጩኸት ሲሰማ ለቅሶ መሰለው። "ሴቶች ሲጮኹ በጆሮዬ ሰማሁ፤ ማንም 'ማንን ልጥራልዎ' አላለኝም፤ የሞተችው እናቴ ናት፣ ደብቃችሁኛል" አለው። አጎቱ አልሰማሁም ቢለውም አላመነውም። ፈቃድ ሰጡኝም አልሰጡኝም ወደ አዲስ አበባ በሚወጣው መኪና እመጣለሁ፣ እቀብራታለሁ ብሎ ዘጋው።

ያለ ፈቃድ ከግንባር የሄደ ወታደር ምን እንደሚጠብቀው ያኔ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጎረቤታችን ምስሩን እንደያዘች ቀረች።

"ቴሌግራም እንላክ፤ ደህና ናት እንበለው" አለ ወንድሟ።

"አያምንም" አለች። ልክ ናት። እኛ ሩቅ ላለ ሰው ሞት በስልክም በቴሌግራምም አንነግርም። ትንሽ አሟታል፣ አሁን ተሽሏታል እንላለን፤ ከዚያ አስጠርተን፣ ሽማግሌ ሰብስበን፣ ማለዳ ላይ እናረዳለን። ይህን እያየ ያደገ ልጅ ደህና ናት ሲሉት ይብስበታል። ቴሌግራሙስ ቢሆን መቼ ነው የሚደርሰው? ካምፑ ደግሞ አይደወልለትም።

ባለቤቴ ናት፣ "ያ ስለ ዝናብ የሚጽፈው ሰውስ?" ያለችው።

ሰሌዳው ላይ ጽፈን ብንለጥፍለት ሊያነበው ይችላል። ችግሩ ሌላ ነው። እንዲያነበው ማሽኑ በርቶ ስልኩን መጠበቅ አለበት። ማሽኑ ስልኩን ከጠበቀ ደግሞ፣ ልጁ ልቡ አላርፍ ብሎት ድጋሚ ቢደውል ያንኑ ለቅሶ ይሰማል። ማሽኑን ካጠፋን መልእክቱ አይሄድም። ይህን ለጎረቤታችን ቀስ ብዬ አስረዳኋት። የሷ ልጅ ነው፤ እኔ ልወስን አልችልም።

"አንተ ስልኩ አጠገብ መቀመጥ ትችላለህ?" አለችኝ።

"እችላለሁ።"

"ታዲያ አንተ አንሳዋ።"

ያን ጊዜ የሚስቴ ወንድም የነገረኝ ትዝ አለኝ። የሚደውለው ማሽን ቀድሞ አይጮህም፤ የኛው እስኪጮህ ዝም ብሎ ነው የሚጠብቀው። እንግዲህ አንስቼ ሃሎ እላለሁ። ሰው ከሆነ ይመልሳል። ዝም ካለ ማሽን ነው፤ ያኔ ሳጥኗን እነካታለሁ።

ካሴቱን ጫንኩ። መብራቱ ባይወዛወዝ ብዬ እየጸለይኩ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል መጻፍ ጀመርኩ፤ በአንድ ጣት። የጦር ክፍሉን ቁጥር ማስፈር ያስፈራ ነበርና "ከካምፑ አጥር ሥር ፀጉር የሚቆርጠው ልጅ" አልኩ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞርኩ።

"አንቺ ብቻ የምታውቂው ነገር ያስፈልጋል፣ እትዬ። እሱ ሲሰማው እናቴ ናት የሚለው።"

ወንድሟን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ያፈረች ትመስላለች።

"እንዲህ በለው" አለች። "የዘመትክ ለታ ቀበቶዬን ረሳሁ ብለህ ከመንገድ የተመለስክ ጊዜ፣ ቀበቶህን ታጥቀኸው ነበር። አይቻለሁ። ዝም ያልኩህ እንዳታፍር ነው።"

ወንድሟ መሬት መሬቱን አየ። እኔ ፊደሎቹን እየፈለግሁ ጻፍኩ። ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ እሷም "ቀስ በል፣ አትሳሳት" እያለች ከኋላዬ ቆመች።

በማግስቱ ፋብሪካ አልገባሁም። ለቅሶ አለብኝ ብዬ አስነገርኩ፤ ውሸትም አልነበረም። ሳጥኗን ወዲያ አድርጌ ወንበሬን ስልኩ ጎን አስጠጋሁ። ስልኩ ሲጠራ "ሃሎ፣ ማንን ልጥራልዎ?" አንዱ የዳቦ ቤቱን ሰው ፈለገ፤ አንዷ ልጇን አስጠርታ ስለ ሰርግ አወራች። እሷ በረዘመች ቁጥር ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፤ ግን በቃሽ አላለቻትም።

ከቀትር በኋላ አንድ ጊዜ አንስቼ ሃሎ ስል መልስ የለም። ደግሜ አልኩ። ዝም። ሳጥኗን ነካሁ፤ ጮኸች፤ ከወዲያም መለሱላት። ቴሌቪዥኑ ላይ ፊደል መውረድ ጀመረ። የመጣው እንግዳ የሚያነበውን ሁሉ እኛም እናያለን፤ የኔ ጽሑፍ ጋ ሲደርስ ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ። መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ አንድ በአንድ ፊደል መጣ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

"አይዟችሁ። ነገ ጠዋት በሬዲዮ እልካለሁ። ፀጉር ቆራጩን ሹፌሮቻችን ያውቁታል።"

"ድገመው" አለች ጎረቤታችን። ደገምኩት።

በነጋታው ወይ በሦስተኛው ቀን፣ አሁን ተምታታብኝ፣ ስልኩ ጠራ። የመስመር ኦፕሬተሯ ከሰሜን ጥሪ አለ ስትለኝ ሃሎ ማለቱን ትቼ "ቤቱ ሰላም ነው፣ ቤቱ ሰላም ነው" አልኩ። ከወዲያ የልጁ ድምፅ በጣም ርቆ "ጋሼ፣ ማን ናት ቀበቶውን የነገረችዎት?" አለኝ። መልስ ሳልሰጥ ለእናቱ አቀበልኳት።

"እኔ ነኝ" አለችው። "እኔ ራሴ... አዎ፣ አይቼሃለሁ... እናትህ ዕውር መሰለችህ?... ማሽን ነው እሱ፤ የኛ ሰውዬ ማሽን ነው የጮኸው... ማን ሞተ? ማንም አልሞተም፤ እኔ ምስር እየለቀምኩ ነበር።" ከዚያ እሱ የሚለውን ሰማችው። "ስማ" አለችው በመጨረሻ። "መኪናው ይሂድ። አንተ ወንበርህ ጋ ሆነህ የሰው ፀጉር ቁረጥ። ፈቃድ ሲሰጡህ ትመጣለህ።"

ጦርነቱ ሲያልቅ እንደ ብዙዎቹ በእግሩ መጣ፤ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግን ቆሞ።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ያቺን ሳጥን ወዲህ አድርገናት አናውቅም። እሑድም ቢሆን፣ ሰው ሃሎ ሳይል ማሽኑ አይጮህም። የሚስቴ ወንድም ሥራ ይበዛብሃል፣ ጋሼ ቢለኝም አልሰማሁትም። ካሴቱ ተበልቶ አልጫን እስኪል ድረስ እንዲያ ነው የሠራነው።

ያ ስለ ዝናብ የሚጽፈው እንግዳ ወንድ ይመስለኝ ነበር። አንድ እሑድ ሰሌዳውን ላየው ብላ በአካል መጣች፤ ጎረቤታችን ትከሻዋን ይዛ ስማ ስማ አልጠገበቻትም። ያን ሳምንት ያሻገረችኝ እሷ ናት፤ የእርዳታ መሥሪያ ቤቱ የሬዲዮ ሠራተኛ።