አባቴ የሰፉት ብራና

የራሰ የፍየል ሌጦ ሽታ ሰውን ሁሉ አፍንጫ ያስይዛል፤ እኔን ግን ዛሬም ደባርቅ፣ ቤታችን ጓሮ ያደርሰኛል። አባቴ ቄስም ብራና ፋቂም ነበሩ። ሌጦውን በእንጨት ወጥረው ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ሲፍቁት ድምፁ እቤት ውስጥ ይሰማ ነበር።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስገባ በፊዚክስ ክፍላችን ሴቶቹ በጣት የምንቆጠር ነበርን፤ ከገጠር የመጣነውማ ጭራሽ። ዩኒቨርሲቲያችን ከአንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጣምሮ እንደኛ ያሉትን ለክረምት የማቴሪያል ሳይንስ ምርምር መረጠ። ከውጭ የመጣችው ፕሮፌሰር «ከየቤታችሁ አንድ ነገር አምጡ፣ ጥንካሬውን እንለካለን» አለችን። አንዷ ልጅ የቃጫ ገመድ አመጣች። እኔ ቁራጭ ብራና እንዲልኩልኝ አባቴን ጠየቅሁ።

አባቴ በምርምሩ ልባቸው አላረፈም ነበር። «መጥቼ በዓይኔ ሳላይ ቁርጡን አልነግርሽም» ብለውኛል። ክረምቱን እቤት ልመለስ ወይስ ለምርምሩ ልቆይ የሚለው በእሳቸው እጅ ነበር።

አንድ ዝናባማ ቀን ጎንደር ደረሱ። ለዩኒቨርሲቲ ቁራጭ መስጠት ነውር መስሏቸው፣ ለደብሩ ዳዊት ሊጽፉበት ያስቀመጡትን ምርጡን ብራና በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘውት መጡ። የምጽፍበት መስሏቸው ነው!

«አባባ፣ ይኼ እኮ ማሽን ላይ ታስሮ እስኪበጠስ ነው የሚሳበው» አልኳቸው።

«ለምን ብላችሁ?»

«ምን ያህል እንደሚችል ለማወቅ።»

ብራናውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። አበቃልኝ አልሁ።

«ዕድሜዬን ሙሉ እንዳይቀደድ ስሰጋለት ኖርሁ» አሉ በመጨረሻ። «እስቲ ልየው።»

ቀጭን አድርጌ ቆርጬ ማሽኑ ላይ አሰርሁት። መሳብ ሲጀምር አባቴ ጎንበስ ብለው፣ ዳገት ላይ እንደደከመ በሬ፣ «አይዞህ፣ በርታ!» ይሉት ጀመር። ፕሮፌሰሯ ስክሪኑን እያየች ቅንድቧን አነሳች። ብራናው ያለ ልክ ቆየና ጧ ብሎ ተበጠሰ። ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት ፈራሁ።

«ሌላ ቁረጪ እንጂ!» አሉኝ። «ለዚህ አይደል የምትማሪ?»

ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ሲሄዱ መጀመሪያ የተበጠሱትን ሁለት ቁራጮች ከጠረጴዛው ላይ አንስተው በዚያው ጨርቅ ጠቀለሉ። መስከረም ላይ መልሰው ሲልኩልኝ፣ የተቀደደ ብራና እንደሚጠግኑት በጅማት ሰፍተው አንድ አድርገዋቸው ነበር።

አባቴ ካረፉ ቆዩ። አሁን በዚያው ቤተ ሙከራ አስተምራለሁ፤ ክረምት ሲመጣ ከዳባት፣ ከዛሪማ፣ ከድብ ባሕር የመጡ ሴት ልጆች ይሞሉታል፤ ሁካታቸው አይጣል ነው። በቀደም አንዷ ግድግዳው ላይ የሰቀልሁትን ያን የተሰፋ ብራና አይታ፣ «መምህር፣ ስፌቱ ስንት እንደሚችል ለምን አንለካውም?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ሌላውን ሁሉ ማሽኑ ላይ እናስረዋለን፤ ለዚህ ግን እጄ እሺ አይለኝም።